በ54 ሰዓት ዓመት የሚሻገር ሥራ፦ ለባሕር ዳር ወጣቶች የሳምንት መጨረሻ መመሪያ

ወደ አዲስ ንግድ ማስጀመሪያ ውድድር ዓርብ ማታ ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ እሑድ ማታ የመጀመሪያ ደንበኛችሁን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ይህን በድፍረት የምናገረው እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች ላይ መጀመሪያ በተሳታፊነት፣ በኋላም በአማካሪነት ስለተቀመጥኩ ነው። ያሳዘነኝ ነገርም አለ። እሑድ ማታ በጭብጨባ ከተሸለሙ ቡድኖች መካከል ከወር በኋላ ተሰብስበው ያገኘኋቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። የጎደላቸው ሐሳብ አልነበረም፤ ጉልበትም አልነበረም። የአንዲት ኪሎ ወይም የአንዲት ጉዞ ወጪና ገቢ ሒሳብ ሠርተው፣ ያንን ሒሳብ በክረምትና በጾም ወራት አዙረው አለማየታቸው ነው የበተናቸው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያችን ሒሳብ በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ እንድትሠሯት ነው።

አካሄዱን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ይህ ዓይነቱ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ስታርትአፕ ዊክኤንድ በሚል ስም ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። ዓርብ ማታ ሐሳብ ያለው ሁሉ በ60 ሴኮንድ ያቀርባል፤ ተሳታፊው ድምፅ ይሰጣል፤ በተመረጡት ሐሳቦች ዙሪያ ቡድን ይሰባሰባል፤ ቅዳሜና እሑድ ይሠራል፤ እሑድ ማታ ለዳኞች ይቀርባል። በጠቅላላው 54 ሰዓት ነው። አዘጋጁ ማንም ቢሆን ቅርጹ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዓርቡ በፊት ባለው ሳምንት

ምርቱን አስቀድማችሁ አትሥሩ፤ ደንቡም አይፈቅድም። ማየትና መጠየቅ ግን የከለከለ የለም። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ከተማውን በእግር ዙሩ። ጠዋት በማለዳ ዓሣ ወደሚራገፍበት የሐይቁ ዳርቻ ውረዱ። ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንት የሌለውን የዓሣ ሥጋ፣ የሚያወጡት ሰዎች ቢላቸው ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም፤ አንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) በሁለት በሦስት ምት ሥጋው ይለያል፤ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ሆድቃው ወደ ጎን ይወረወራል። ፔሊካኖቹ ከጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ቆመው ያቺን ውርወራ ይጠብቃሉ። ጎብኚው ፔሊካኖቹን ፎቶ ያነሣል። እናንተ ክምሩን ተመልከቱ። ከአንድ ቆሮሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ነው፤ የቀረው ሁለት እጅ ተረፈ ምርት ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ምሳሌ አድርጌ የምይዘው ይህንኑ ክምር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ የዶሮ መኖ የመሆን ዕድል አለውና።

ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭ አረም ማንሣቴ የግድ ነው፤ በባሕር ዳር ስለ ጣና የሚቆረቆር ወጣት በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ሰው እምቦጭን ወደ ከሰል፣ ወደ ማዳበሪያ ወይም ወደ ወረቀት ለመለወጥ ሐሳብ ያቀርባል። መነሻው የሐይቁ ፍቅር ስለሆነ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። እምቦጭ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ውሃ ነው፤ ስለዚህ በመኪና የምትጭኑት በአብዛኛው ውሃ ነው። አረሙ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይበልጥ ያስጨነቀው የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ፣ የደምቢያንና የፎገራን አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር ያለችው በደቡብ ጫፍ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ዘመቻው ተሳክቶ አረሙ ቢጠፋ ሥራችሁ ይዘጋል፤ ሥራችሁ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ደግሞ አረሙ መኖር አለበት። ጠላቴ ብላችሁ የተነሣችሁበትን ነገር ህልውናችሁ አታድርጉት። እምቦጭን የማስወገድ ሥራ በአገልግሎት ክፍያ ሊሠራ ይችላል፤ እንደ ጥሬ ዕቃ ምንጭ ግን ደጋግማችሁ አስቡበት።

በዚያው ሳምንት ቢያንስ የአሥር ሰዎችን ስልክ ያዙ፦ ዓሣ አስጋሪ፣ ፊሌቶ አውጪ፣ ዶሮ አርቢ፣ መኖ ነጋዴ፣ ባለ ወፍጮ። ቅዳሜ ጠዋት የማን በር እንደምታንኳኩ ዓርብ ማታ ላይ ማሰብ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል። ቻርጀርና ፓወር ባንክ አትርሱ፤ መብራት ሊሄድ ይችላል።

ዓርብ ማታ፦ 60 ሴኮንድና ቡድን

ስድሳ ሴኮንድ ለአራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማን ተቸገረ፣ ምን ቸገረው፣ እኛ ምን እናደርጋለን፣ ከእናንተ መካከል ማንን እፈልጋለሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በዚህ ከተማ እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚያረቡ እናቶች መኖ በተወደደ ቁጥር ዶሮዎቻቸውን እየሸጡ ከሥራው ይወጣሉ። ከእነርሱ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ደግሞ በየቀኑ የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ይጣላል። ይህንን ቀቅለን፣ አድርቀንና ፈጭተን መኖ እናደርገዋለን። አንድ ሒሳብ የሚያውቅ፣ አንድ ስለ እንስሳት የተማረ፣ አንድ ደግሞ ሰው ማናገር የማያፍር እፈልጋለሁ።»

ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር፣ ስለ ሥራ አጥነት ቁጥር፣ ስለ ራሳችሁ የትምህርት ደረጃ አትናገሩ። ጊዜ የለም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚታይ ሰው ይኑርበት።

ሐሳባችሁ ካልተመረጠ ሳትከፉ የሌላ ሰው ቡድን ውስጥ ግቡ። በሰው ሐሳብ ላይ ሠርቶ መማር ቀላል ነው፤ ለራስ ሐሳብ ያለን ፍቅር ዓይን ይጋርዳልና። ቡድኑ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ቢሆን ይበቃል። ሁሉም ኮምፒውተር የተማረ ከሆነ ገበያ የሚወጣ አይኖርም፤ ሁሉም ንግድ የተማረ ከሆነ ናሙና የሚሠራ አይኖርም። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከዘንዘልማ አንድ የግብርና ተማሪ፣ ከፖሊ አንድ መሐንዲስ፣ ከፔዳ አንድ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ፣ ከእነርሱ ጋር ደግሞ ገበያ ውስጥ ያደገ አንድ ሰው ብታገኙ ደስታዬ ነው። የመጨረሻው ሰው ዲግሪ ባይኖረውም ከሁሉ ቀድማችሁ ያዙት።

ከመለያየታችሁ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ፈርሙ፦ ሥራው ከእሑድ በኋላ ከቀጠለ ድርሻ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንድ ሰው ቢወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ስሙና ሐሳቡ የማን እንደሆነ። በጓደኛሞች መካከል ይህን ማንሣት ያሳፍራል። ያሳፍር። ያልተጻፈ ነገር ገንዘብ በገባ ማግስት ወዳጅነትን ሲያፈርስ አይቻለሁ።

እኩለ ሌሊት ሳይሆን አንድ ሥራ ይቀራችኋል። «ይህ ውሸት ከሆነ ሥራችን ያልቅለታል» የምትሏቸውን ሦስት ግምቶች ጻፉ። ለዓሣ መኖው ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ ተረፈ ምርቱን በርካሽ እናገኘዋለን፤ ዶሮ አርቢዎች ይገዙናል፤ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ከሚሸጥበት ዋጋ ያንሳል። ከዚያ ተኙ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ አርማ መንደፍ ቅዳሜን ያበላሻል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ከአዳራሹ ውጡ

በአገራችን ልማድ ቅዳሜ የገበያ ቀን መሆኑ ለእናንተ ትልቅ ዕድል ነው። ሻጩም ገዢውም፣ ከገጠር የመጣውም የከተማውም ሰው በቅዳሜ ገበያ ይገኛል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልናገር። የመጀመሪያ ጊዜ ስሳተፍ አምስት ሆነን ወደ ገዳማቱ ደሴቶች የሚሄዱ ጎብኚዎች ጀልባ የሚመርጡበት የስልክ መተግበሪያ ሠራን። ቅዳሜን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ዋልን። እሑድ ከሰዓት በፊት አንድ ጀልባ ነጂ አገኘንና በኩራት አሳየነው። አየው፣ በትሕትና መለሰልን፣ «እኛ እኮ በተራ ነው የምንሠራው» አለን። ተራ ባለበት ቦታ ምርጫ የሚሰጥ መተግበሪያ የነጂዎቹን ስምምነት ያፈርሳል። ይህንን ለማወቅ ቅዳሜ ጠዋት የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ይበቃን ነበር።

ሰው ስትጠይቁ ትልቁ እንቅፋታችሁ ይሉኝታ ነው። ፊት ለፊት «አልፈልገውም» ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደግን ሰዎች ነን። «ይህን ብናመጣ ይገዙናል?» ብላችሁ የጠየቃችኋቸው ሁሉ አዎ ይሏችኋል፤ ይመርቋችኋልም። ምርቃት ግን ትእዛዝ አይደለም። ስለ ወደፊቱ አትጠይቁ፤ ስለ ባለፈው ወር ጠይቁ። ስለ አሳብ አትጠይቁ፤ ስለ ወጪ ጠይቁ።

አማካሪ ሆኜ የተከታተልኩት አንድ ቡድን ከአንዲት ዶሮ አርቢ እናት ደጅ ደስ ብሎት ሲመለስ አገኘሁት። ሐሳቡን ነግረዋቸው «ጥሩ ነው ልጆቼ፣ ይቅናችሁ» ብለዋቸዋል። በደብተሩ ላይ «ደንበኛ አንድ» ተብሎ ተጽፏል። አብሬያቸው ተመለስኩ።

«እናቴ፣ መኖ የገዙት መቼ ነው?»

«ሰኞ ለት።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሃምሳ። ለሁለት ሳምንት አብቃቃዋለሁ።»

«ዓሣ ያለበት መኖ ሰጥተው ያውቃሉ?»

ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አዎ፤ አንድ ጊዜ ከሐይቁ ያመጡልኝን ቀቅዬ ሰጠኋቸው። ጣሉልኝ፣ ያውም ደኅና አድርገው። ግን እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተና ደንበኞቼ መለሱብኝ። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። እናንተን ማስከፋት አልፈለግሁም ነበር።»

በዚያች መልስ ምርቱ ተለወጠ። የእንቁላሉ ሽታ የሚመጣው ዓሣው በመኖው ውስጥ ሲበዛ፣ በተለይም ስቡ ሲበዛ ነው፤ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ከጠቅላላው መኖ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ እንዳያልፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ንጹሕ የዓሣ ዱቄት መሸጡን ትቶ፣ ከበቆሎ፣ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር በልክ የተደባለቀ መኖ ለመሸጥ ወሰነ። እኒያ እናት የሚገዙት ፕሮቲን አይደለም፤ እንቁላሌ አይሸትም የሚል እምነት ነው። ይህን በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር።

ዳርቻውንም አትርሱ። ፊሌቶ አውጪውን «ጋሼ፣ ይህንን ተረፈ ዛሬ ማን ይወስደዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተጣለ የሚመስል ነገር ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው፤ የሚያነሣው ሰው፣ የሚከፈለው ትንሽ ገንዘብ፣ የቆየ ስምምነት አለ። ያንን ሰው ገፍታችሁ ከምትገቡ ሰብሳቢያችሁ አድርጉት። ተረፈ ምርቱ በነጻ ነው ብላችሁም ሒሳብ አትሥሩ፤ ዋጋ እንዳለው በታወቀ በሳምንቱ ዋጋ ይወጣለታል።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ የአንዲት ኪሎ ሒሳብ

ከምሳ በኋላ ተሰብሰቡና ያመጣችሁትን ቁጥር ነጭ ሰሌዳ ላይ ገልብጡ። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው የብር ቁጥሮች ስሌቱ እንዲታይ የያዝኳቸው ናቸው፤ የእናንተን ከገበያ ታመጣላችሁ። አንዱ ግን የተፈጥሮ ነው፦ ከ100 ኪሎ እርጥብ ተረፈ ምርት የሚገኘው ደረቅ ዱቄት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ያህል ነው። እኛ ዝቅተኛውን እንያዝ።

በቀን 100 ኪሎ ብንሰበስብ፦ ለሰብሳቢ 300 ብር፣ ለማጓጓዣ 200፣ ለማገዶ 250፣ ለሁለት ሠራተኛ 600፣ ለወፍጮ 100፣ ለጆንያ 50። ድምሩ 1,500 ብር ነው። ለ20 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ 75 ብር ፈጀ። ደንበኛው በመኖው ውስጥ ላለው ዱቄት በኪሎ 60 ብር የሚከፍል ከሆነ በእያንዳንዱ ኪሎ 15 ብር እየከፈልን እንሸጣለን ማለት ነው። ብዙ ቡድን እዚህ ቁጥር ላይ ሳይደርስ እሑድ ማታ ይሸለማል።

አሁን 300 ኪሎ እንሰብስብ። ሰብሳቢ 900፣ ማጓጓዣ 300፣ ማገዶ 500፣ ሠራተኛ እነዚያው ሁለቱ 600፣ ወፍጮ 300፣ ጆንያ 150፤ ድምሩ 2,750። ለ60 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ ወደ 46 ብር ወረደ። በኪሎ 14 ብር ተረፈን። ለመጠለያ ኪራይና ለጥበቃ በወር 9,000 ብር የምናወጣ ከሆነ፣ ያንን ለመሸፈን 640 ኪሎ ያህል፣ ማለትም የ11 ቀን ሥራ ያስፈልጋል። ከ11ኛው ቀን በኋላ ያለው የእኛ ነው። የሥራው መጠን ከስንት በላይ መሆን እንዳለበት አሁን አወቃችሁ።

ተስፋችሁ ሲያብብ አንድ የግድግዳ ካሌንደር አምጡና ሒሳቡን ወር በወር አስኪዱት። እኔ ከዳኞች ጥያቄ ሁሉ የምፈራው ይህን ነው፤ በዚህ ከተማ ላይም አብዛኛውን ሥራ የሚያጠራው እርሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ፀሐይ የለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚደርቀው በእሳት ነው። ማገዶው በእጥፍ ቢያድግ የቀኑ ወጪ 3,250 ብር ይሆናል፤ አንዱ ኪሎ ከ54 ብር በላይ ይፈጃል፤ ትርፉ 6 ብር እንኳ አይሞላም። የወሩን 9,000 ብር ለመሸፈን 26 ቀን መሥራት ይኖርባችኋል። አንድ ሁለት ቀን ዓሣ ከጠፋ ወሩ በኪሳራ ዘጋ።

ወደ ዐቢይ ጾም ተመለሱ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆየን፤ ገበያው ግን በዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎት ከፍ እንደሚል ማንኛውም ምግብ ቤት ይነግራችኋል። ስለዚህ ፊሌቶውም፣ ተረፈ ምርቱም ይበዛል። በዚያው ጊዜ እንቁላል የሚበላ ሰው ይቀንሳል፤ ዶሮ አርቢው እጁ ያጥረዋል፤ መኖ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ይከብደዋል። ጥሬ ዕቃው ሲትረፈረፍ ገዢው ይደርቃል። ይህን ያየ ቡድን ፊቱ ሲጠቁር አውቃለሁ።

ካሌንደሩን ትንሽ ቆይታችሁ ብታዩት ግን መልሱም እዚያው አለ። ጾሙ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በበረታችበት በበጋው መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ በርካሽ ሰብስባችሁ በፀሐይ ታደርቃላችሁ፤ ከፋሲካ ጀምሮ እንቁላል ሲፈለግ ትሸጣላችሁ፤ የተረፈው ክረምቱን ያሻግራችኋል። እርግጥ የዓሣ ዱቄት ስብ ስላለው ሲቆይ ይቆመጥጣል፤ በደንብ መድረቅ፣ ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ ከጥቂት ወራት በላይ አለመቆየት አለበት። ለእነዚያ ሁለት ወራት ሳይሸጡ የሚሠሩበት ገንዘብም ያስፈልጋል። እንግዲህ ከባለ ገንዘብ የምትጠይቁት ገንዘብ ምክንያትና ቀን አገኘ፤ «ለመስፋፋት» ሳይሆን «ከየካቲት እስከ ፋሲካ አድርቆ ለማከማቸት» ነው።

ቅዳሜ ማታ፦ ናሙናውና ዘጠኙ ሣጥኖች

አንድ ኪሎም ቢሆን ሥሩ። የሚሸት ሥራ ስለሆነ ከአዳራሹ ርቃችሁ፣ ሰው ከማይኖርበት ቦታ፣ በክዳን ድስት በደንብ ቀቅሉ፤ ጥሬውን ማድረቅ እንደ ሳልሞኔላ ያለ በሽታ ወደ ዶሮውም ወደ ሰውም ያስተላልፋል። ውሃውን አጥልሉ፣ ጨምቁ፣ በቆርቆሮ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ። እሑድ ጠዋት ግማሽ ደርቆ ብታገኙት እንኳ ስንት ኪሎ ገብቶ ስንት እንደወጣ መዝናችሁ ትጽፋላችሁ። ያ ቁጥር የራሳችሁ ነው።

ሥራችሁ አገልግሎት ከሆነ ናሙናው እጃችሁ ነው። ሶፍትዌር ሳትጽፉ በስልክና በወረቀት ለሦስት ሰዎች አገልግሎቱን ስጡ።

ከዚያ ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ ካሏችሁ ሰዎች ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ። በቴሌብር 50 ብር የላከ ሰው «ጥሩ ሐሳብ ነው» ካሉ መቶ ሰዎች ይበልጥ ይነግራችኋል። ደረሰኝ ጻፉለት፤ የምታደርሱበትን ቀን ንገሩት፤ ካልቻላችሁ ሳይጠይቃችሁ ገንዘቡን መልሱ።

ስዊዘርላንዳዊው አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር ያስተዋወቀውን፣ የአንድን ንግድ አሠራር በአንድ ገጽ የሚያሳየውን፣ ዘጠኝ ሣጥን ያለውን የቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ አዘጋጆቹ ይሰጧችኋል። ከደንበኛው ጀምራችሁ ሙሉት፤ ከጥሬ ዕቃው የሚጀምር ሰው ያለውን ለመሸጥ ይታገላል። ስለ እያንዳንዱ ሣጥን እዚህ አልዘረዝርም፤ ቀኑን ሙሉ የጻፋችሁት ደብተር ይሞላቸዋል። ካንቫሱ የማይጠይቃችሁን ሦስት ጥያቄ ግን ከሥሩ ጨምሩ።

አሥር እጥፍ ብናድግ ሐይቁ ምን ይሆናል? ለዓሣ ጭንቅላት ብዙ መክፈል ከጀመርን፣ ትንንሽ ዓሣ ሳይቀር ለእኛ ሲባል እንዲጠመድ ልናደርግ እንችላለን። በክረምት ነጭ ዓሣ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጣ በወንዞቹ አፍ መረብ የሚዘረጋ አለ፤ የእኛ ብር ያንን መረብ እንዳይገዛ ምን እናደርጋለን? ቡድኑ የመለሰው መልስ ቀላል ነበር፦ ሙሉ ዓሣ በማንኛውም ዋጋ አንገዛም፤ የምንቀበለው ፊሌቶ ከወጣለት የቀረውን ብቻ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የምትቀቅሉበት የቅባት ውሃ የት እንደሚፈስ እሑድ ሳይነጋ መልስ ይኑራችሁ።

የእርዳታ ገንዘብ ቢቆም እንቆማለን? አንድ ፕሮጀክት ምርታችሁን ገዝቶ በነጻ ቢያድል ደስ ይላል፤ ነገር ግን በላተኛው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ከፋይ የላችሁም። ሽልማትንና ድጋፍን ለማድረቂያ መደርደሪያ፣ ለሚዛን፣ ለበርሜል አውሉት፤ የየወሩን ደመወዝ ግን ከሽያጭ ክፈሉ።

ሦስተኛው፦ በዚህ ሥራ ቀድሞ የነበረ ማን ይጎዳል? ከላይ ስለ ሰብሳቢው የተናገርኩት ነው።

እሑድ

ቅዳሴ የሚሄድ ይሂድ፤ ከቅዳሴ መልስ ያለው ጊዜ ይበቃል። ጠዋቱን በናሙናውና ገና ባልተመለሰው ግምት ላይ አውሉት። ከምሳ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር አቁሙና አቀራረባችሁን ተለማመዱ።

አምስት ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ። ዳኞች በአብዛኛው የሚመዝኑት ሦስት ነገር ነው፦ ደንበኛውን በእርግጥ አግኝታችኋል ወይ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ በሁለት ቀን ምን ሠራችሁ። እኒያን እናት፣ ስማቸውን ሳትጠሩ፣ መጀመሪያ ላይ አምጧቸው። ከዚያ የተሳሳታችሁትን ግምት ተናገሩ፤ «ዱቄቱን እንሸጣለን ብለን ነበር፣ እንቁላሉ እንደሚሸት ሰማን፣ ለወጥነው»። ስሕተቱን በግልጽ የተናገረ ቡድን ሰው እንዳናገረ ይታወቃል። ከዚያ የአንዲት ኪሎ ሒሳብ፣ በአንድ ስላይድ። ከዚያ ካሌንደሩ። ማሰሮውን ወይም ጠርሙሱን ከፍታችሁ አሳዩ፤ እንዲያሸቱት ስጧቸው። በመጨረሻ የተከፈላችሁ ቅድሚያ ስንት ሰው፣ ስንት ብር። «ገበያችን ይህን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አውጡት፤ አሥራ አንድ ዶሮ አርቢ በስም የሚያውቅ ቡድን አያስፈልገውም።

ካላሸነፋችሁ የዳኞቹን ጥያቄ ጽፋችሁ ያዙ። ካሸነፋችሁም እንደዚያው።

ሰኞ

ወረቀቱን ልናፍጥነው አይገባም፤ ግን ያለ ፈቃድ መነገድም አይቻልም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ብቻውን የሆነ ሰው እንኳ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ብዙ ከሆናችሁ ዓርብ ማታ የፈረማችሁትን ገጽ አውጡና ድርሻውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሥራ ዘመን ቀስ በቀስ የሚገኝ አድርጉት፤ በሁለተኛው ወር ከቡድኑ የወጣ ሰው የሥራውን ሩብ ይዞ እንዳይሄድ።

ለባለሙያ ምክር ሩቅ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ስለ ዓሣው የባሕር ዳር ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ ስለ መኖው በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። ናሙናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጁን ከመጣ ሰው ይልቅ ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሰው ባለሙያ በደስታ ያነጋግራል። ፕሮቲኑን ሳታስለኩ በጆንያው ላይ ቁጥር አትጻፉ።

ይህ ሁሉ ግን ከቀትር በኋላ ይደርሳል። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከእናንተ ሁለታችሁ ዳርቻው ላይ ትሆናላችሁ፤ ክዳን ያላቸው አራት ባልዲዎች፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ደብተር። ከሰብሳቢው ጋር የተስማማችሁበትን ብር በእጁ ትሰጡታላችሁ፤ የመጀመሪያውን ባልዲ መዝናችሁ ትጽፋላችሁ። ቅድሚያ ለከፈሉት እናት ያላችሁት ቀን ዓርብ ነውና ማድረቂያው ላይ የሚቀራችሁ ሦስት ፀሐይ ብቻ ነው።